ሰማያዊ መብራት የማን ነው?

የዛሬው ጨዋታ ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ ያካፋል። ቶርንተን ሂዝ ሰው አድርሼ ስመለስ ከአንዲት ጠባብ መንገድ ወደ ለንደን ሮድ ልወጣ ቆምኩ። ከቀኝ በኩል አውቶቡስ ይመጣል፤ ገና ሩቅ ነው። ከአውቶቡሱ ፊት አንዲት ነጭ መብራት ነበረች። የአውቶቡሱ የራሱ መብራት መሰለችኝና ወጣሁ። ለካ ሞተር ነው! ልጁ ፍሬኑን ጨምድዶ ይዞ እየተንሸራተተ መጣና በሬ ላይ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

“የማርያም ያለህ!” አለ ጮክ ብሎ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ። “ወንድሜ ይቅር በለኝ፤ አላየሁህም” አልኩት። በአማርኛ መመለሴን ሲሰማ እሱም ደነገጠ። ሁለታችንም ከዝናቡ ስር ቆመን ለረጅም ጊዜ ምንም አልተባባልንም።

የጎንደር ልጅ ነው። በሞተር ምግብ ያደርሳል፤ ቀን ይማራል፣ ማታ ይሠራል። ከዚያች ቀን በኋላ ተዋወቅን፤ “ጋሼ” ይለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተሩን ሊያሳየኝ መጣ። ወገኖቼ፣ ሞተሩ ሠርግ ቤት ሆኗል! ከሥሩ ሰማያዊ የኤልኢዲ ገመድ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል፤ ከፊት ሁለት ቀያይ ዓይኖች አሉት፤ በስልኩ ሲነካው ደግሞ ሁሉም እየተቀያየረ ብልጭ ድርግም ይላል። “አሁንስ ታየኛለህ ጋሼ?” አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ፖሊስ አስቆመው። አልቀጡትም፤ መብራቱን እንዲያነሳ፣ ሁለተኛ ከተገኘ ግን እንደሚቀጣ ነገሩት። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። እሱ ግን የመኖሪያ ወረቀቱን ሊያሳድስ የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ በዌልስሊ ሮድ በሉናር ሀውስ በኩል ያለፈ ሁሉ ያንን ፍርሃት ያውቀዋል። ማታ ደወለልኝና እንዲህ አለኝ፦ “ጋሼ፣ ሳልታይ ልሞት ነበር። ስታይ ደግሞ ወንጀለኛ ልሆን ነው። ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ መልስ ሳጣ ማንበብ እጀምራለሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

ነገሩን ከሩቅ ልጀምረው፤ ሩቅ ስል ግን ዘመኑ እንጂ ቦታው እዚሁ ነው። በብሪታንያ መኪና ገጭቶ የገደላት የመጀመሪያዋ እግረኛ የክሮይደን ሴት መሆኗን ታውቃላችሁ? ብሪጅት ድሪስኮል ትባላለች። በኦገስት 17 ቀን 1896 ከልጇ ጋር ክሪስታል ፓላስ ወደሚደረግ ዝግጅት ሄዳ ሳለ ለትርዒት የቀረበ መኪና መጣባት። ደንግጣ ባለችበት ቀረች። ሾፌሩ በሰዓት 4 ማይል ነበር የምነዳው አለ፤ ሰው ሶምሶማ ቢል የሚቀድመው ፍጥነት ማለት ነው። ሸንጎው ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ፈረደ። ጉዳዩን የመረመረው ሹምም እንዲህ ያለ ነገር ዳግም እንዳይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ አለ። መቃብሯ እዚሁ ክሮይደን፣ ኩዊንስ ሮድ ነው።

መኪና እስከዚያ ድረስ እንዴት ይታይ ነበር? ከ1865 ጀምሮ በነበረው ሕግ በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ፊት አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። ግን አስቡት፤ ይህ ሕግ ማንም ሰው “አላየሁም” እንዳይል ያደረገ ሕግ ነው። በኖቬምበር 1896 ሕጉ ተሻረ፤ የፍጥነቱ ጣሪያም ወደ 14 ማይል ከፍ አለ። በባንዲራው ሰው ፋንታ ማታ ማታ መብራት፣ ድምፅ ማሰሚያ ደግሞ ደወል ወይም ጥሩምባ ግዴታ ሆነ። የመኪና ባለቤቶችም ነፃ ወጣን ብለው ኖቬምበር 14 ቀን ከለንደን እስከ ብራይተን በሰልፍ ነዱ። ያ ጉዞ ዛሬም በየዓመቱ በኖቬምበር ይዘከራል፤ አሮጌዎቹ መኪኖች እየተንተከተኩ በክሮይደን ሲያልፉ ስንቴ መንገድ ዘግተውብኛል።

እንግዲህ መብራት በተሽከርካሪ ላይ የመጣው የባንዲራውን ሰው ተክቶ ነው። መንገድ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች መብራት የላምባ ነበር፤ ከእኛ ኩራዝና ፋኖስ ብዙም አይርቅም። ቀጥሎ የካርባይድ መብራት መጣ። ላዩ ላይ ውኃ አለ፣ ታቹ ላይ ካልሲየም ካርባይድ የሚባል ድንጋይ አለ፤ ውኃው ጠብ ጠብ ሲልበት ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙ ይነዳል። ነጂው መንገድ ዳር ቆሞ፣ ክብሪት ጭሮ፣ መብራቱን ለኩሶ ይቀጥላል። ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። በርሚንግሃም ውስጥ በጋሪ ላምባ እየሸጠ የጀመረው ጆሴፍ ሉካስ የሚባል ሰው ኩባንያው በብስክሌት መብራት ታወቀ። ኋላም የእንግሊዝ ሞተሮችና መኪኖች ኤሌክትሪክ አቅራቢ እሱ ሆነ። የሉካስ ኤሌክትሪክ አልፎ አልፎ እምቢ ስለሚል እንግሊዞች “የጨለማው ልዑል” እያሉ ይቀልዱበታል።

በ1927 የወጣ ሕግ ተሽከርካሪ ሁሉ ማታ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑረው አለ። ይህ ለእኛ ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ ግን ቋንቋ ነው። በጨለማ ውስጥ ቅርጹን ሳታይ ነጭ ካየህ ወደ አንተ እየመጣ ነው፤ ቀይ ካየህ እየሄደልህ ነው። ዓለም ሁሉ የተስማማበት የሌሊት ፊደል ይህ ነው። የጎንደሩ ልጅ ከፊት ቀይ ዓይን ሲያደርግ ሳያውቀው ያጠፋው እዚህ ላይ ነው። “እየመጣሁ ነው” ማለት ሲገባው “እየሄድኩ ነው” ብሏል።

ፊደሉ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጦርነቱ አሳየ። በ1939 የጀርመን አውሮፕላን እንዳያይ ተብሎ አገሩ ሁሉ ጨለመ። የመንገድ መብራት ጠፋ፤ የመኪና መብራት በቆርቆሮ ተሸፍኖ ቀጭን ጭላንጭል ብቻ ቀረው። ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ በኦገስት 1940 ተደብድቧል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ግን በ1940 በብሪታንያ መንገዶች ላይ የሞተው ሰው ከ8,000 በላይ ነው፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ የሚበዛ መኪና እያለ የዓመቱ ሟች ከ2,000 በታች ነው። ያኔ መፍትሔ ብለው ምን አደረጉ? የመንገዱን ጠርዝ፣ የዛፉን ግንድ፣ የመኪናውን ፓራፋንጎ ነጭ ቀለም ቀቡ። መብራት ሲከለከል ነጭ ቀለም ያድናል። ይቺንም ያዙልኝ።

አሁን ወደ ፐርሊ ዌይ እንምጣ። አዎ፣ ያ ሁላችንም ቅዳሜ ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ የምንቆምበት መንገድ። ሁለቱ ረጃጅም የጡብ ጭስ ማውጫዎች የድሮው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቅሪት ናቸው፤ ጣቢያው በ1984 ተዘጋ፣ ሕንፃው ፈረሰ፣ እነሱ ብቻ የአይኪያ ምልክት ሆነው ቀሩ። ይህ መንገድ ግን ሌላ ታሪክም አለው። በ1932 በብሪታንያ የሶዲየም መብራት መጀመሪያ የተተከለበት መንገድ እሱ ነው። ያንን ብርቱካናማ ቢጫ መብራት ታስታውሳላችሁ? ብዙዎቻችን መጀመሪያ ለንደን ስንገባ ከአውሮፕላን መስኮት ያየነው ከተማ በእሱ ቀለም የተነከረ ነበር። ኤሌክትሪክ አይፈጅም፣ በጭጋግ ውስጥም ያሳያል። ጉዱ ምንድን ነው? ከሥሩ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቀይ መኪናና አረንጓዴ መኪና አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናሉ። ዛሬ እነዚያ እየተነሱ በነጭ ኤልኢዲ ተተክተዋል። እንግዲህ ከተማው በሙሉ መብራቱን ለወጠ፤ ልጁ ሞተሩ ላይ ያደረገው ከተማው ካደረገው የተለየ አይደለም።

ሞተርን በመብራት ማስጌጥስ የኛ ልጆች የጀመሩት ነው? በጭራሽ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞድ የሚባሉ የለንደንና የአካባቢዋ ወጣቶች ነበሩ። ሱፍ ይለብሳሉ፣ ፀጉራቸውን ያሳምራሉ፣ የጣሊያን ስኩተር ይነዳሉ፤ ቬስፓ ወይም ላምብሬታ። ስኩተሩን ታዲያ በመብራትና በመስታወት ይሞሉታል፤ አንዳንዱ ላይ አሥርና አሥራ አምስት መብራት ተደርድሮ ታያላችሁ። የሚያስቀው የስኩተሩ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ብቻ ስለሆነ ያን ሁሉ በአንድ ላይ ለማብራት አቅም አልነበረውም። ብዙው እንዲታይ እንጂ እንዲያበራ አልተሰቀለም። በግንቦት 1964 እነዚህ ልጆች ብራይተን ባሕር ዳርቻ ሮከር ከሚባሉት፣ ጥቁር ቆዳ ለባሽ የትልልቅ ሞተር ነጂዎች ጋር ተደባደቡ፤ ጋዜጣው ሁሉ አገር ጠፋ አለ። ከለንደን ወደ ብራይተን የሚወስደው ኤ23 ደግሞ በዚሁ በፐርሊ ዌይ ነው የሚያልፈው። ባለ አሥር መብራት ስኩተር ያኔ የሽፍታ ምልክት ነበር። ዛሬ በጨረታ ውድ ዋጋ ያወጣል፤ ነጂዎቹም አያት ሆነው እሑድ እሑድ በሰልፍ ሲሄዱ ፖሊስ መንገድ ይከፍትላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ቬስፓን በ1946 የሠራው ፒያጆ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። ሰላም ሲሆን አውሮፕላን መሥራት ቀረበትና ወደ ስኩተር ዞረ። በ1948 ቬስፓዋን ባለ ሦስት ጎማ አደረጋት። ከዚያ በ1960 ገደማ አንድ የህንድ ኩባንያ ፈቃድ አውጥቶ ቬስፓን ህንድ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። የኩባንያው ስም ማን ይመስላችኋል? ባጃጅ! ስለዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ሌሊት በመብራት ተሽሞንሙና ሙዚቃ እያንባረቀች የምታልፈው ባጃጅና የሞዶቹ ቬስፓ ዘመዳሞች ናቸው። የኛ ልጅ ደግሞ ከባጃጅ አገር መጥቶ በቬስፓ መንገድ ላይ ይነዳል። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይሄ አይደል?

ጌጡ ራሱ ግን ከባጃጅም ይቀድማል። አባቶቻችን ፈረሳቸውንና በቅሏቸውን እንዴት ያስጌጡ እንደነበር አስቡ፤ ግላሱ፣ መጣብሩ፣ በብር የተለበጠው ልጓም። ሰው በስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ፣ የሞተሩ መብራት፣ ሁሉም “እኔ እገሌ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው” የሚል ነው። ግን ያኔም ቢሆን ጌጥ ሥርዓት ነበረው። የወርቅና የብር ዕቃ እንዲሁ የሚደረግ ሳይሆን በማዕረግና በሽልማት ነበር። ነጋሪት ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ የሚያስመታው አልነበረም፤ የማስመታት መብት የሹመት ምልክት ነው። ያለ ሹመቱ ነጋሪት ያስመታ ሰው “ሙዚቃ ወድጄ ነው” ቢል ማን ይሰማዋል? ሸፍቷል ነው የሚባለው።

ወገኖቼ፣ በዚህ አገር ሰማያዊ መብራት ነጋሪት ነው።

እንዴት ሆነ? ከ1861 ጀምሮ የለንደን ፖሊስ ጣቢያዎች በራቸው ላይ ሰማያዊ ፋኖስ ሰቀሉ። ቦው ስትሪት ጣቢያ ብቻ ነጭ እንዲሆን ተደረገ ይባላል፤ ምክንያቱም ንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤታቸው የሞቱበትን ሰማያዊ ክፍል እንዳያስታውሳቸው ነው አሉ። ከዚያ ሰማያዊው ከበሩ ወጥቶ ወደ መኪናው ጣራ ሄደ፤ ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ። ዛሬ የሚሠራው የ1989 የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ይህን በግልጽ ይዞታል። ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ መብራት፣ ወይም ያንን የሚመስል ነገር፣ ከአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ በቀር ለማንም አልተፈቀደም። ከፊት ቀይ የለም። ወደ ኋላ ከቀይ ሌላ የለም፤ ፍሬቻ፣ የማርሽ ኋላ መብራትና የታርጋ መብራት የመሳሰሉት ሲቀሩ። ከፍሬቻና ከመሳሰለው በቀር ብልጭ ድርግም የለም። የሌላውን ሰው ዓይን የሚያጭበረብር መብራትም የለም። ከሥር ያለው የጌጥ ገመድ በስሙ አልተከለከለም፤ ግን ቀለሙና አቅጣጫው ከነዚህ ጋር ከተጋጨ ፖሊሱ ትክክል ነው። ልጁን ስነግረው በጣም ያበሳጨው ይህ ነበር። ግን አስቡት፤ እናታችሁ አምቡላንስ ውስጥ ተኝታ፣ ሾፌሩ ሁሉ ሰማያዊ ብልጭታ ሲያይ “የምግብ አድራሽ ሞተር ይሆናል” ብሎ ቢያልፍስ? ነጋሪት ሁሉም ቤት ከተመታ አዋጅ የሚሰማ የለም።

ስለ ሰማያዊዋ መብራት ራሷ ደግሞ ትንሽ ላጫውታችሁ፤ ታሪኳ ሰው ያሳዝናል። ኤልኢዲ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ ትንሽ ጠጠር ነው። ክር የለውም፣ አይቃጠልም። በ1907 ሄንሪ ራውንድ የሚባል እንግሊዛዊ የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኛ አንድ ድንጋይ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያስነካ ሲያበራ አየ፤ አጭር ማስታወሻ ጻፈና አለፈው። በ1920ዎቹ ኦሌግ ሎሴቭ የሚባል ሩሲያዊ ነገሩን በጥልቀት አጠና፤ እሱም በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ በረሃብ ሞተ። በ1962 ኒክ ሆሎኒያክ የሚባል አሜሪካዊ በዓይን የሚታይ ቀይ ኤልኢዲ ሠራ። ቀዩ መጣ፣ አረንጓዴው መጣ፤ ሰማያዊው ግን እምቢ አለ። ሰማያዊ ከሌለ ደግሞ ነጭ የለም፤ ነጭ ኤልኢዲ የምትሉት ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት የተቀባ ነው። ርካሹ መብራት ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1993 ሹጂ ናካሙራ የሚባል፣ ጃፓን ውስጥ በአንድ የክፍለ ሀገር ኩባንያ የሚሠራ ሰው ብሩህ ሰማያዊ ሠራ። ኩባንያው ጉርሻ ብሎ የሰጠው 20,000 የን ነው፤ ሁለት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። ክስ መሠረተ፤ በ2005 በ843 ሚሊዮን የን ተስማሙ። በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ዛሬ የኛ ልጅ በጥቂት ፓውንድ ከኢንተርኔት የሚገዛት ሰማያዊ ገመድ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ዕድሜውን ጨርሷል። መንገድ ሁሉ መብራት በመብራት የሆነው ሕዝቡ ጌጥ ስለወደደ ብቻ ሳይሆን መብራቱ ስለረከሰም ነው።

እሺ፤ ወደ ጥያቄው እንመለስ። “ሳልታይ ልሞት ነበር” ያለው እውነት ነው፣ ምስክሩም እኔ ነኝ። በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ላይ 900 ገደማ የሞተር አደጋዎችን አጥንቶ ሪፖርት አወጣ። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ከሦስት ሁለቱ እጅ ላይ ጥፋቱ ቅድሚያ የነፈገው የባለ መኪናው ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ አላየሁትም። የእንግሊዝ ሞተረኞችም ይህችን “ይቅርታ ወንድሜ አላየሁህም” የምትል ዓረፍተ ነገር በምህጻረ ቃል አድርገው መቀለጃቸው አድርገዋታል። በዚያ ሌሊት ከአፌ የወጣችው ያችው ናት። ሳነበው አፈርኩ።

ታዲያ ለምን አላየሁትም? መብራቱኮ በርቶ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በ2012 ከዚሁ ከሰሬ በኩል ያለው የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካወጡት ጥናት ነው። ማታ የሚመጣን ነገር ፍጥነት ዓይናችን የሚለካው ነገሩ በምን ያህል ፍጥነት እየሰፋ እንደሚመጣ አይቶ ነው። መኪና ሁለት መብራት አለው፤ ሲቀርብ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። ሞተር ግን አንድ ነጥብ ናት፤ ነጥብ አይሰፋም። ከሩቅም ከቅርብም ነጥብ ናት። ተመራማሪዎቹ በዋናው መብራት ላይ ሁለት ትናንሽ መብራቶች ጨምረው ሦስቱን እንደ ጉልቻ ሦስት ማዕዘን ሲያደርጓቸው ሰዎች ፍጥነቱን በተሻለ ገመቱ። እንግዲህ ቁም ነገሩ የመብራቱ ብዛት ወይም ቀለም ሳይሆን አቀማመጡ ነው። ሰማያዊ ገመድ ከሥር ቢደረግ አስፋልቱን ያሳምራል እንጂ ለእኔ ለሾፌሩ ስንት ሜትር እንደቀረው አይነግረኝም።

ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም፣ ሞተር ላላቸው ልጆቻችሁም ልንገራችሁ። ከፊት የሚጨመረው ነጭ ይሁን፤ ትናንሽና ወደ ታች ያዘነበለ፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ ሳያጭበረብር፣ ሳይብለጨለጭ። ዋና መብራት ከኢንተርኔት ስትገዙ ደግሞ ለየትኛው አገር እንደተሠራ እዩ። እዚህ በግራ ስለሚነዳ መብራቱ ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ ያበራል። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ከሆነ ግን በቀጥታ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። እኛ አገርም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ሆነ።

ሽቦውን በተመለከተ፦ በቁልፍ ከሚበራና ከሚጠፋ መስመር ይወሰድ፤ ያለዚያ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ታገኙታላችሁ። ለብቻው ፊውዝ ይኑረው። ከዋናው መብራት ሽቦ ላይ ቀጥላችሁ አትስረቁ። ውኃ የማያስገባ ይሁን፤ ይህ አገር ለንደን ነው። የፍሬቻ አምፖል በኤልኢዲ ሲቀየር ደግሞ ፍሬቻው መቅበጥበጥ ይጀምራል፤ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። ኤልኢዲ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ ሪሌው አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ሪሌ ይቀየርለት። ከሁሉ በላይ ለኢንሹራንሱ ንገሩ። ያልተነገረ ጭማሪ በሰላሙ ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም፤ በአደጋ ቀን ግን ክርክር ያመጣል። ከዓመታዊው ምርመራ፣ እኛ ቦሎ ከምንለው፣ በፊትም አንድ ባለሙያ ይየው። እና ያቺ ነጭ ቀለም አትረሳ፤ አንጸባራቂ ሰደርያና አንጸባራቂ ፕላስተር ባትሪም ፈቃድም አይጠይቁም።

አገር ቤት ያላችሁም ይህን ነገር በቀልድ አትዩት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ፣ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ተብሎ ሞተር ሳይክል ታግዶ ነበር፤ በኋላ በምዝገባ ተመለሰ። በሞተሩ እንጀራውን የሚበላ ስንት ልጅ ያኔ ሥራ ፈታ። ሞተረኛ በሁለት በኩል ነው የሚጎዳው፤ ሳይታይ ይገጫል፣ ሲታይ ይጠረጠራል። የልጁ ጥያቄ የክሮይደን ብቻ አይደለም።

ከሁለት እሑድ በፊት ልጁ ቤት መጣ። ሰማያዊውን ገመድና ቀዩን ዓይን አብረን ነቀልን። ሁለት ትናንሽ ነጭ መብራቶች ከመሪው ዝቅ አድርጎ አንድ ወዳጃችን አሰረለት፤ ለኢንሹራንሱም ደወለ። ሲመሽ “አሁን ሂድና ከሩቅ ና” አልኩት። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ልክ እንደዚያ ሌሊት፣ ከጠባቧ መንገድ አፍ ላይ ቆምኩ። ከሩቅ ሦስት መብራቶች መጡ፤ መጀመሪያ የተጠጋጉ፣ ከዚያ እየሰፉ፣ እየሰፉ። ሲደርስብኝ አወቅሁት። ቆሜ አሳለፍኩት። ሲያልፍ ጡሩምባውን ጢጥ አደረገና ሄደ።

ሰማያዊዋን ገመድ እኔ ጋ ትቷታል። የመስቀል ደመራ ስንደምር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንጠልጥለን እናበራታለን ብለናል፤ እዚያ ማንም አይከለክለንም።

እኛ ባለ መኪናዎች ግን አንድ ነገር እንማማል። ከመገናኛ ስትወጡ ሁለቴ እዩ። ያቺ አንዲት ነጥብ የሰው ልጅ ናት፤ ምናልባትም የራሳችሁ አገር ልጅ።

ሞተር ለሚነዳ የምታውቁት ልጅ ካለ አድርሱለት። ቸር ያሰማን፣ በሰላም ያግባን።